ያው መዳብ፣ ያው ዚንክ፦ ቅይጥ እና ኢንተርሜታሊክ ውህድ በምን ይለያሉ?

«ኢንተርሜታሊክ ውህድ» ሲባል ብዙ ሰው ተራ የብረት ቅይጥ ይመስለዋል። አይደለም።

ናስን እንውሰድ። መዳብ ላይ 30 በመቶ ገደማ ዚንክ ቢጨመር የመዳቡ የአተሞች አደራደር አይፈርስም። የዚንክ አተሞች በመዳብ አተሞች ቦታ እንዳገኙ ይገባሉ። የሚደጋገመው ትንሹ የክሪስታል ክፍል እንደ ንጹህ መዳብ 4 አተም ብቻ ይይዛል። ይህ ቅይጥ ነው። ይቀጠቀጣል፣ ይሳባል፣ የጥይት ቀለህ ይሠራበታል።

ዚንኩ ወደ 62 በመቶ ሲጠጋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን እያንዳንዱ አተም የራሱ ቦታ አለው። 5 መዳብ ለ8 ዚንክ የሆነ፣ ጋማ ናስ የሚባል ኢንተርሜታሊክ ውህድ ይፈጠራል። ትንሹ ክፍል 52 አተሞች ይይዛል። ይህን በመዶሻ ብትመቱት ይሰበራል።

ለምን? ብረት የሚታጠፈው የአተም ረድፎች አንዱ በሌላው ላይ ሲንሸራተቱ ነው። የሚደጋገመው ክፍል ሲተልቅ፣ ረድፉ ተንሸራቶ ሥርዓቱን የሚገጥምበት ቦታ ይርቃል። ይህ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል። ስለዚህ ከመታጠፍ መሰንጠቅ ይቀለዋል። የሚደንቀኝም ይሄ ነው፤ ብረቶቹ ያው ናቸው፣ የተለወጠው መጠናቸውና አቀማመጣቸው ነው።

«ውስብስብ» የሚባሉት ኢንተርሜታሊክ ውህዶች ደግሞ ከዚህም ይብሳሉ። የክሪስታል ተመራማሪው ስቴን ሳምሰን በ1965 እ.ኤ.አ. አወቃቀሩን ያሳየው የአሉሚኒየምና የማግኒዚየም ውህድ በአንድ ክፍል 1,168 ገደማ አተሞች አሉት። ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙም ከንጹህ አሉሚኒየም በጣም ያነሰ ነው።