ዳቢንግ ምንድን ነው? የጃፓን አኒሜሽን በእንግሊዝኛ ሲናገር

ዳቢንግ የአንድን ፊልም ንግግር በሌላ ቋንቋ በሚናገሩ ተዋንያን ድምፅ መተካት ነው። የቱርክ ድራማዎችን በቃና ቴሌቪዥን በአማርኛ የተከታተለ ሁሉ ያውቀዋል። በአኒሜሽን ግን ነገሩ ለየት ይላል። ሥዕል የራሱ ድምፅ የለውም፤ በጃፓንኛው ቅጂም ቢሆን የምንሰማው ተዋናይ ስቱዲዮ ገብቶ ለሥዕሉ የሰጠውን ድምፅ ነው። ስለዚህ «ጃፓንኛው እውነተኛ፣ እንግሊዝኛው ሐሰተኛ» የሚለው ክርክር አይዋጥልኝም። ሁለቱም ትወና ናቸውና በትወናነታቸው ይመዘኑ።

ሥራው ከባድ ነው። የእንግሊዝኛው ጸሐፊ ሐሳቡን በትክክል ማስተላለፉ አይበቃም፤ ቃላቱ ሥዕሉ አፉን ከከፈተበት እስከ ዘጋበት ድረስ ልክ መግጠም አለባቸው። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፤ እንግሊዝኛ ቀድሞ ይናገረዋል። ፊት ከሚለወጥበት ቅጽበት ጋር ሊገጥም የሚገባው ቃል ቀድሞ ሊያመልጥ ይችላል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው «አኪራ» የተሰኘው የጃፓን አኒሜሽን ፊልም ደግሞ ይብሳል፤ ንግግሩ አስቀድሞ ተቀድቶ የገጸ ባሕርያቱ አፍ በዚያ ልክ ስለተሣለ ከጃፓንኛው ጋር በጥብቅ ተጣምሯል። በእንግሊዝኛ ሁለት ጊዜ፣ በ1989 እና በ2001፣ ተሠርቷል፤ ሁለተኛው ለዋናው ሐሳብ ይበልጥ ይቀርባል።

ብዙ ተመልካች ጥራትን በዝነኛ ስሞች ይለካል። የጃፓኑን አኒሜሽን ፊልም የ«ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ»ን የ1999 የእንግሊዝኛ ቅጂ እንውሰድ። የእንግሊዝኛውን ንግግር ያዘጋጀው ደራሲው ኒል ጌይመን ነው። ሚኒ ድራይቨር ለብረት አቅላጮቹ ከተማ መሪ ለኢቦሺ የሰጠችው ድምፅ ርኅራኄንና ትእዛዝን በአንድ ትንፋሽ ይዟል፤ ግሩም ነው። ክሌር ዴንስ ግን በተኩላዎች ያደገችውን ሳንን የዘመኑ አሜሪካዊት ወጣት አስመስላታለች። ሁለቱም ዝነኞች ናቸው፤ ዝናቸው ግን ውጤታቸውን እኩል አላደረገውም።

ለእኔ ዋናው መመዘኛ ዝምታ ነው። የ«ፕሪንሰስ ሞኖኖኬ» ዳይሬክተር ሃያኦ ሚያዛኪ ሆን ብሎ ገጸ ባሕርያቱን ዝም ያሰኛል፤ ነፋስና ሣር ብቻ የሚታዩባቸው ጊዜያት አሉ። አንዳንድ የእንግሊዝኛ አዘጋጆች ተመልካቹ ይሰለቻል ብለው ይፈራሉ መሰለኝ፣ ዝምታውን ይሞሉታል። በሌላው የሚያዛኪ ፊልም በ«ካስል ኢን ዘ ስካይ» የዲዝኒ ቅጂ ላይ ንግግር ተጨምሯል፤ ሙዚቃውንም የመጀመሪያው አቀናባሪ ጆ ሂሳይሺ ራሱ እንደገና ሠርቶ አስፍቶታል። ሙዚቃው ያምራል፤ ፊልሙ ግን ትንፋሽ አጥሮታል።

ከሁሉም የሚያሳዝነኝ የሚያዛኪው «ኪኪስ ዴሊቨሪ ሰርቪስ» የ1998 የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው። የወጣቷ ጠንቋይ የኪኪ ጥቁር ድመት ጂጂ በጃፓንኛው ቁጥብ ነው። በእንግሊዝኛው ፊል ሃርትማን፣ ተሰጥኦ ያለው ኮሜዲያን፣ የድመቱ አፍ በማይታይበት ሁሉ ቀልድ አክሎለታል። ይህ እንኳ ይታለፍ ነበር። በታሪኩ መሐል ኪኪ የጂጂን ንግግር መረዳት ይሳናታል፤ በጃፓንኛው እስከ መጨረሻው ዳግመኛ በሰው ቋንቋ አያናግራትም። በ1998ቱ ቅጂ ግን መጨረሻ ላይ ይናገራል! አንዲት ልጅ ስታድግ የማይመለስ ነገር እንደምታጣ የሚያሳየው ታሪክ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጊዜያዊ ሕመም ሆኖ ቀረ። ደግነቱ በ2010 እንደገና ሲታተም ከተጨመሩት ንግግሮች ብዙዎቹ ወጥተዋል፤ ልጆቻችሁን የምታሳዩ ከሆነ ያንን ምረጡ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወላጆቻቸውን ያጡ ወንድምና እኅትን የሚተርከውን «ግሬቭ ኦፍ ዘ ፋየርፍላይስ»ን ግን በጃፓንኛ፣ ከሥር በሚነበብ ትርጉም እንድታዩ እለምናለሁ። ሴትሱኮ የምትባለውን ሕፃን በድምፅ የተጫወተችው እውነተኛ ትንሽ ልጅ ናት፤ ለእርሷ ሲባል ድምፁ ቀድሞ ተቀድቶ ሥዕሉ ተከትሎታል። በ1998ቱ የእንግሊዝኛ ቅጂ ተዋናይዋ አዋቂ ሴት ናት፤ የሕፃንን ድምፅ ስታስመስል ይሰማል፤ በዚያ ፊልም ውስጥ ደግሞ ማስመሰል ፈጽሞ ቦታ የለውም።