ሦስት ወር ሳይሞላ፦ በሰሜን ሸዋ የእርግዝና ክትትል መቼ ይጀመር?

«ስንት ወርሽ ነው?» ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። ጤና ጣቢያ ሲደረስ ግን አዋላጇና ነፍሰ ጡሯ መጀመሪያ የማይግባቡት እዚህች ላይ ነው። ሴትየዋ የምትቆጥረው ፔሬዷ ከቀረበት ቀን ነው፤ አንዳንዷ እንዲያውም ማቅለሽለሽ ከጀመራት። አዋላጇ ደግሞ የምትነሳው መጨረሻ ከታየው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ነው። በመሃል አንድ ወር ይሰወራል። «ገና ሁለት ወሬ ነው፣ ምን አስቸኮለኝ» ብላ ቤቷ የተቀመጠች ሴት በአዋላጇ አቆጣጠር ሦስተኛ ወሯን እየጨረሰች ነው።

ሐኪሞቹ ቅድመ ወሊድ ክትትል ይሉታል። ሰፈር ውስጥ ግን «ካርድ አወጣች» ከተባለ ሁሉም ይገባዋል። ድሮ አንዲት ነፍሰ ጡር አራት ጊዜ ብትታይ ይበቃል ይባል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ቁጥሩን ወደ 8 ከፍ አደረገው፤ ኢትዮጵያም ኋላ ላይ ይህንኑ በብሔራዊ መመሪያዋ ተቀበለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ በ20፣ 26፣ 30፣ 34፣ 36፣ 38 እና 40ኛው ሳምንት ይቀጥላል። ልብ በሉ፣ 12 የመጨረሻው ገደብ ነው እንጂ መነሻ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት የሄደች ሴት አልቸኮለችም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና አነስተኛ ጥናት 74 በመቶ ያህሉ እናቶች ቢያንስ አንድ ጊዜ በባለሙያ ታይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የጀመሩት ግን 28 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኛዋ ሴት መሄዱንስ ትሄዳለች፤ የምትሄደው ግን አርፍዳ ነው።

ሰሜን ሸዋ ስል በአማራ ክልል ያለውን፣ መቀመጫው ደብረ ብርሃን የሆነውን ማለቴ ነው (ፍቼን መቀመጫው ያደረገ ሌላ ሰሜን ሸዋ ኦሮሚያ ውስጥ አለ፣ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል)። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ ናት። ጣርማበርን አልፈው ቁልቁል ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ከፍታው ወደ 1,300 ሜትር ይወርዳል፤ ሙቀቱም ወባውም እዚያ ነው። የመንዝ ጓሳ ደግሞ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ይህን የምዘረዝረው ጂኦግራፊ ላስተምር ብዬ አይደለም። ከፍታው የነፍሰ ጡርን የደም ምርመራ ሳይቀር ይነካዋል፤ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ቆጠራውን እንጨርስ። ወር አበባ ያየችበትን ቀን ጽፋ የምታስቀምጥ ሴት ጥቂት ናት። በዓል ግን ማንም አይረሳም፣ አዋላጆቹም ይህን ያውቃሉ።

«መጨረሻ ያየሽው መቼ ነበር?»

«እንጃ።»

«ከጥምቀት በፊት ነው በኋላ?»

«የጥምቀት ለት ነው እንጂ። ታቦት ሳልሸኝ ቤት የቀረሁት በሱ አይደል?»

አለቀ፣ ጥር 11 ተገኘ። ከዚያ በኋላ ሂሳቡ ጣት ላይ ነው፤ የእኛ ካላንደር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። እርግዝና 280 ቀን ተብሎ ይታሰባል፣ ስለዚህ ዘጠኝ ወር ከአሥር ቀን መጨመር ነው። ጳጉሜን መሃል ላይ ከገባች ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ይሆናል፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት ደግሞ ዘጠኝ ወር ከአራት። በዚህ ስሌት የጥምቀቷ ሴት መውለጃዋ ጥቅምት 16 ገደማ ነው። መስከረም 21፣ የግሸን ማርያም ለት ያየችዋ ደግሞ ሐምሌ 1። 12 ሳምንት ማለት ሁለት ወር ከ24 ቀን ነው፤ ስለዚህ የጥምቀቷ ሴት እስከ ሚያዝያ 5 ካርድ ካወጣች ደርሳለች። ስልክ ላይ ያለው አፕ በፈረንጅ ካላንደር ስለሚቆጥር ወደ እኛው ሲገለብጡት ቀን የሚስቱ ሰዎች አይቻለሁ። በጣት መቁጠሩ ይሻላል።

ለምን ይዘገያል? መንገዱ ሩቅ ነው፣ ሥራ ይበዛል ይባላል፣ እውነትም ነው። ትልቁ ምክንያት ግን ዝምታ ይመስለኛል። እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ወራት አይወራም። ዓይን ይፈራል፤ ደግሞስ ቢወርድ ለሰፈሩ ሁሉ ምን ተብሎ ይነገራል? ጎረቤት «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ማለት የሚጀምረው ሆድ ሲገፋ ነው፣ እስከዚያ የሚያውቀው ባል ነው፣ ቢበዛ እናት። ይህን «ኋላ ቀርነት» ብለው የሚያናንቁ ሰዎች ያናድዱኛል። ከታወቁ እርግዝናዎች ቢያንስ ከአሥሩ አንዱ ይወርዳል፣ አብዛኛውም በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው። ሴቶቹ ይህን ማንም ጥናት ሳይነግራቸው ያውቁታል፤ ዝም የሚሉትም ራሳቸውን ከሁለት ሐዘን ለመጠበቅ ነው። ችግር የሚመጣው ዝምታው አዋላጇንም ሲጨምር ነው። ቀበሌው ውስጥ ያለችው ጤና ኬላ ደጃፍ የታየች ሴት ወሬዋ ከሷ ቀድሞ ቤቷ ይገባል፤ እዚያ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም የባሏ የአክስት ልጅ ልትሆን ትችላለች። ለዚህ መላ ያላቸው ሴቶች አሉ፦ በገበያ ቀን ከተማው ውስጥ ያለው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ዘምቢል ይዛ ወጥታ ዘምቢል ይዛ የተመለሰችን ሴት ማን ይጠረጥራታል?

ሁለተኛው ምክንያት ብዙም አይነገርም፤ ራሳቸው ጤና ተቋማቱ ይመልሳሉ። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ በሰባተኛው ሳምንት ሄዳ «አሁን ምን ይታያል ብለሽ ነው፣ ሆድሽ ገፋ ሲል ነይ» ተብላ መጣች። እሷም የተባለችውን ሰማች፣ በአምስተኛው ወር ተመለሰች። ያኔ ሌላ ባለሙያ «እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?» ብላ ተቆጣቻት። እንዲህ የተባለች ሴት ዝም ብላ ባትመለስ ጥሩ ነው። ሆድ ባይታይም ደም ይታያል፣ ሽንት ይታያል፣ ግፊት ይለካል። «ደሜን መርምሩኝ፣ ፎሊክ አሲድም ስጡኝ» ማለት መብቷ ነው።

«ፅንሱ ሲላወስ እሄዳለሁ» የሚሉም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት እንቅስቃሴ የሚሰማት 20ኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ግማሽ መንገድ አለቀ ማለት ነው።

ግን ያን ያህል የሚያስቸኩለው ምንድን ነው? የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ቱቦ ፅንሱ ከተያዘ በኋላ በ28 ቀን ገደማ ይዘጋል። በአዋላጇ አቆጣጠር ስድስተኛው ሳምንት መሆኑ ነው፣ ፔሬድ ከቀረ ገና ሁለት ሳምንት። ያኔ ብዙ ሴት «ብርድ መትቶኝ ይሆናል» እያለች ነው። ቱቦው ሳይዘጋ ከቀረ ልጁ አከርካሪው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፣ ከዚያም የከፋ አለ። በቀን 0.4 ሚሊግራም ፎሊክ አሲድ ይህን አደጋ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ግን መጀመር ያለበት ከመፀነስ በፊት ነው። እውነቱን ለመናገር ለዚህ ለዚህ 12ኛው ሳምንትም ረፍዷል። ጥር ላይ የተዳረች ሙሽራ ቶሎ ልጅ ካሰበች ኪኒኑን ከጫጉላዋ ጀምራ ብትውጥ ነው የሚያዋጣት፤ የወሊድ መከላከያ ያቋረጠችም እንዲሁ።

ሌላው የደም ዓይነት ነው። አያቶቻችን በላይ በላይ እየወለደች ልጅ የማያድግላትን ሴት «ሾተላይ አለባት» ይሉ ነበር። ቃሉ ዛሬም ሐኪም ቤት ውስጥ ይሠራል፣ ትርጉሙ ግን ሌላ ሆኗል፦ የእናትየዋ ደም አር ኤች ነጌቲቭ፣ የፅንሱ ደግሞ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናት ሰውነት የልጁን ደም እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያመርትበታል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ የሚጎዳው ተከታዩ ነው። መከላከያ መርፌ አለው። በ28ኛው ሳምንት ገደማ ይሰጣል፤ የተወለደው ልጅ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል፣ ፅንስ ከወረደም እንዲሁ ያስፈልጋል። ነገር ግን መርፌው ውድ ነው፣ በየቦታውም አይገኝም። የደም ዓይነቷን በሁለተኛ ወሯ ያወቀች ሴት ብር ለማጠራቀምና የሚገኝበትን ለማጠያየቅ አራት ወር አላት። በምጥ ሰዓት ያወቀችው ሦስት ቀን ብቻ።

ቂጥኝ፣ ኤች አይ ቪ እና የጉበት ቫይረስ ቢ በዚያው የመጀመሪያ ቀን ይመረመራሉ። ቂጥኝ በጊዜ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፣ ሲዘገይ ግን ልጁን ሊገድል ይችላል። አልትራሳውንድም ወር ለማወቅ ከተፈለገ ቀደም ብሎ ቢታይ ይሻላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሲታይ የሚስተው በቀናት ነው፤ ወደ መጨረሻ ሲሆን ግን በሁለትና በሦስት ሳምንት ሊስት ይችላል።

አሁን ወደ ከፍታው። ነፍሰ ጡር ሄሞግሎቢኗ (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) በዴሲሊትር ከ11 ግራም በታች ከሆነ ደም ማነስ አለባት ይባላል። ይህ ቁጥር የወጣው ለባሕር ጠለል ነው። ደጋ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከፍታ መስመሩ ከአንድ ግራም በላይ ወደ ላይ መገፋት አለበት። ስለዚህ 11.5 ያላት የመንዝ ሴት ወረቀቷ ላይ ጤነኛ ናት፣ ሰውነቷ ግን ደም አንሶት ሊሆን ይችላል። ለምርመራ የሄዳችሁ ባለሙያውን ብትጠይቁት አይከፋም። የሚሰጠው የአይረን ኪኒን ሰገራ ያጠቁራል፣ አትደንግጡ። ያቅለሸልሻል፣ ማታ ሲተኙ መዋጥ ይረዳል። ከቡና ጋር ግን አይሆንም። ቡናና ሻይ አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚይዙት፣ ከአቦል እስከ በረካ ያለው ሰዓት ኪኒን የሚዋጥበት አይደለም።

ቆላው ላይ፣ ቀወትና ኤፍራታ በኩል፣ ነገሩ ወባ ነው። አጎበር ለነፍሰ ጡር ይቀድማል። ትኩሳት ይዟት የሄደች ሴት መድኃኒት ሳይታዘዝላት በፊት «ፔሬዴ ቀርቷል» ማለት አለባት፣ ለማንም ያልነገረችው ቢሆንም።

ጾሙም አለ። የጥምቀቷ ሴት የመጀመሪያ ወራቷ ከዓቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ ማቅለሽለሹ ሳያንስ 55 ቀን ወተትና እንቁላል የለም። ብዙ የንስሐ አባቶች ነፍሰ ጡርን አያስጨንቁም፣ ግን ካልነገረቻቸው በምን ያውቃሉ? ዝምታው እዚህም ይጎዳል።

የት ይኬዳል? ጤና ኬላ ምክር ይሰጣል፣ ምርመራው ግን በአብዛኛው ጤና ጣቢያ ነው። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእናቶች አገልግሎት በነጻ ነው፤ የመመርመሪያ ኬሚካል አልቋል ተብላ ወደ ግል ላብራቶሪ የምትላክ ሴት ግን ትከፍላለች፣ ስለዚህ ትንሽ ብር መያዝ ደግ ነው። ከበድ ያለ ነገር ሲገኝ ወደ ሆስፒታል ይላካል። ደብረ ብርሃን አለ፣ መሐል ሜዳ አለ፣ መርሐ ቤቴ ዓለም ከተማ ላይ ያለው ደግሞ ስሙ ራሱ እናት ሆስፒታል ነው። ነገር ግን የጀማን ሸለቆ ያየ ሰው «ይላካል» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ክረምት አለ፣ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፣ የቅርብ ዓመታቱ ግጭትም ተጨምሯል። በቃሬዛ ከመሸከም በፊት ማን አደጋ ላይ እንዳለች መታወቁ ጥሩ ነው፤ ርቃ የምትኖር ሴት ወሯ ሲገባ የእናቶች ማቆያ እንድትገባ የሚታቀደውም ከዚህ ካርድ ነው። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ሄዳ የምትወልድ ካርዷን ይዛ ትሂድ።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ነገሮች አሉ። ደም ከታየ፣ በአንድ ጎን የሚወጋ ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለ፣ ራስ ካዞራትና ከጣላት፣ ትውከቱ ውሃ እንኳ ካላስቀመጠ፣ በዚያው ቀን ነው መሄድ። ፅንሱ ከማኅፀን ውጭ ተይዞ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ደግሞ ለነገ አይባልም።

በመጨረሻ፣ ቆጠራው ጭራሽ የማይሠራላቸው አሉ። ጡት እያጠባች ወር አበባዋ ሳይመለስ የፀነሰች አለች። የሦስት ወሩን መርፌ ትወጋ የነበረችና ፔሬድ ካየች ዓመት ያለፋትም አለች። ለእነሱ ጥምቀትም ግሸንም አይረዳም። ቀሚስ ሲጠብ፣ የወጥ ሽታ ሲያስጠላ፣ የሚያጠቡት ልጅ ወተቱን ጠልቶ ሲያለቅስ ነው የሚጠረጥሩት። የሽንት ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፣ መመርመሪያዋ ፋርማሲም ትሸጣለች። አለ ካለ በዚያው ሳምንት ካርድ ይወጣል፤ ስንት ወር እንደሆነ አልትራሳውንዱ ይናገር።