ኮከብ ተጫዋች «አዛውሩኝ» ሲል ምን መብት አለው?

በኤንቢኤ (በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ) አንድ ኮከብ በክለቡ አመራር ተማሮ «አዛውሩኝ» ሲል፣ ብዙ ተመልካች ነገሩን ከእግር ኳስ ዝውውር ጋር ያመሳስለዋል። በእግር ኳስ ተጫዋቹ ካልተስማማ ዝውውሩ አይፈጸምም፤ በኤንቢኤ ግን ክለቡ ተጫዋቹን ከነውሉ ለሌላ ክለብ በልዋጭ ሊሰጠው ይችላል፣ ፈቃዱንም መጠየቅ አይጠበቅበትም። ዝውውርን የመከልከል መብት በውል ለመደራደር ቢያንስ 8 ዓመት በሊጉ፣ ከዚያም ውስጥ 4ቱን በዚያው ክለብ መጫወት ያስፈልጋል፤ ይህን ያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ስለዚህ ጥያቄው ግፊት እንጂ መብት አይደለም። ዳሚያን ሊላርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ከፖርትላንድ ወደ ማያሚ ለመሄድ ቢወተውትም፣ ክለቡ የላከው ወደ ሚልዋኪ ነበር።

ግፊቱም ቢሆን ገደብ አለው። ቅሬታውን በዝግ በር ለአመራሩ የሚያቀርብ ተጫዋች አይቀጣም፤ በአደባባይ ካወጀው ግን የገንዘብ ቅጣት ይጠብቀዋል። አንቶኒ ዴቪስ በጃንዋሪ 2019፣ ከኒው ኦርሊንስ መልቀቅ እንደሚፈልግ ወኪሉ በይፋ በመናገሩ 50,000 ዶላር ተቀጥቷል። ጄምስ ሃርደን ደግሞ በኦገስት 2023 ቻይና ውስጥ የክለቡን የፊላደልፊያን ኃላፊ ዳሪል ሞሪን «ውሸታም ነው» ካለ በኋላ 100,000 ዶላር ተጣለበት። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ሊጉ ለቅጣቱ የሰጠው ምክንያት ስድቡን ሳይሆን ሃርደን ካልተዛወረ የውል ግዴታውን እንደማይወጣ የሚያመለክት ንግግር ማድረጉን ነው። የዚያ ዓመት ደመወዙ 35.6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ስለነበር፣ ቅጣቱ ከሺህ ሦስት እንኳ አይሞላም፤ እንዲህ ያለ ቅጣት የትኛውንም ኮከብ ዝም ያሰኛል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ሃርደንም የውድድር ዘመኑ በተጀመረ በቀናት ውስጥ፣ እንደተመኘው ወደ ሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ተዛውሯል።