የኮምፒውተር ትምህርት በባሕር ዳር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች

በባሕር ዳር የታች ክፍል መምህርን ማሠልጠን የኮምፒውተር ክፍል ከመታወቁ በፊት የተጀመረ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት በእርሻ መሣሪያ፣ በኤሌክትሪክ፣ በጨርቃ ጨርቅ፣ በእንጨትና በብረታ ብረት ሥራ ባለሙያዎችን ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ መንግሥት ከዩኔስኮና ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር በገባው የሦስትዮሽ ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ ተመሠረተ፤ ዓላማውም ለገጠሩ የሚበቁ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር። ሁለቱ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ከሆኑ በኋላም ከተማው አንዱን ግቢ «ፖሊ»፣ ሌላውን «ፔዳ» ማለቱን አልተወም። የኮምፒውተሩ ዝና ወደ ፖሊ ቢያደላም፣ ሕፃን እንዴት እንደሚማር አጥንቶ ያስተማረው ፔዳ ነው፤ ይህን የሚከራከር ካለ የፖሊ ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ዘመን ኮምፒውተር በመጀመሪያ ደረጃ ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት አልነበረም። የ2013 ዓ.ም. የሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂን ወደ 7ኛ ክፍል አወረደው፤ እስከ 6ኛ ያሉት ግን ዛሬም ከትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ ላይ ናቸው።

ለእነዚህ ትንንሾች ከሁሉ የሚቀርበው መግቢያ በኮምፒውተር በፊደል መጻፍ ይመስላል። 33ቱ ፊደላት በ7 ቤት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ለእያንዳንዱ ቁልፍ ማደል አይቻልም። በተለመደው፣ ቃሉን እንደ ድምፁ በሚመታው የኪቦርድ አጻጻፍ ተነባቢው ይመታል፣ አናባቢው ይከተላል። የመጀመሪያው ምት ብቻውን ሳድሱን «ል» ያወጣል፤ «ለ» የሚገኘው አናባቢ ሲጨመርበት ነው። «ለ፣ ሉ፣ ሊ» እያለ ያደገ ልጅ ማሽኑ ከስድስተኛው መነሣቱ ግር ይለዋል። ግርታው ግን ሲሳይ ነው፤ ፊደሉ ከሁለት ድምፅ መሠራቱን በጣቱ ያውቀዋል፣ ትእዛዝ በቅደም ተከተል መስጠትንም ሳይነገረው ይለምዳል።

ከዚያ ቀጥሎ ለ8 ዓመትና ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች የተዘጋጀው፣ ፕሮግራም መሥራትን የሚያለማምደው ስክራች አለ። ትእዛዞቹ እንደ መጫወቻ ጡብ ይገጣጠማሉ፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ አንዱ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ይህም በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዋጋው የታየ ጠባይ ነው። የጢስ ዓባይ ማመንጫ ቅርብ ሆኖ ሳለ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ኪቦርዱን በካርቶን ላይ ሥሎ ጣትን ማለማመድ ይቻላል።