ጃሚዕ አት-ተዋሪኽ ምንድን ነው? የነጃሺ ሥዕል ያለችበት መጽሐፍ

ስለ ንጉሥ ነጃሺ በሚጻፉ ጽሑፎች ላይ ደጋግማ የምትወጣ አንዲት ሥዕል አለች። የመካ ቁረይሾች የላኳቸው መልእክተኞች ንጉሡ ፊት ቀርበዋል። ወደ ሐበሻ የተሰደዱትን ሙስሊሞች አሳልፈው እንዲሰጧቸው ይጠይቃሉ፤ ንጉሡ እምቢ ይላሉ። ሥዕሏን የሚያጋራ ሰው አንዳንዴ ንጉሡ በእውን እንዲህ ይመስሉ እንደነበር አድርጎ ያቀርባታል። ይህን ግን ሥዕሏ ልትነግረን አትችልም። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የወጣችበትን መጽሐፍ ማወቅ ያስፈልጋል።

መጽሐፉ ጃሚዕ አት-ተዋሪኽ ይባላል። ስሙ ለእኛ ጆሮ ያን ያህል ባዕድ አይደለም። "ተዋሪኽ" የዓረብኛው "ታሪኽ" ብዙ ቁጥር ነው፤ ያው እኛ ታሪክ የምንለው። "ጃሚዕ" ሰብሳቢ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ "ጀማው መጣ" ስንል የምንጠራው ቃልም ከዚያው ሥር የመጣ ነው። "ታሪኮችን ሰብሳቢ" ብንለው ያስኬዳል።

የጻፈው ረሺድ አድ-ዲን ነው። በሐመዳን ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደ፣ በኋላ የሰለመ ሐኪም ነበር። በዚያን ጊዜ ኢራንን የሚገዙት ኢልኻኖች የሚባሉት ሞንጎሎች ነበሩ፤ እሱም ቤተ መንግሥታቸው ውስጥ እስከ ሚኒስትርነት ደረሰ። መጀመሪያ ጋዛን ኻን የሞንጎሎችን ታሪክ እንዲጽፍ አዘዘው። ጋዛን እ.ኤ.አ. በ1304 ሲሞት ወንድሙ ኦልጀይቱ ነገሠና፣ የዓለም ሕዝቦች ሁሉ ታሪክ ይጨመርበት አለ። ከአዳምና ከነቢያት ተነሥቶ ፋርሶች፣ ኸሊፋዎች፣ ቻይናዎች፣ ህንዶች፣ አይሁዶች ገቡበት። አውሮፓውያንም አልቀሩም፤ መጽሐፉ የሚጠራቸው "አፍረንጅ" እያለ ነው። ፈረንጅ የምንለውን ቃል እዚያ ማግኘት ደስ ይላል።

መጽሐፉ በፋርስኛ ተደረሰ። ረሺድ አድ-ዲን ግን በአንድ ቅጂ የሚረካ ሰው አልነበረም። በታብሪዝ ከተማ በራሱ ስም አንድ ሙሉ ሰፈር አሠራ፤ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የሚሠሩበት ቦታም ነበረው። በየዓመቱ አንድ የዓረብኛና አንድ የፋርስኛ ቅጂ እዚያ ተሠርቶ ወደ ከተሞች እንዲላክ ደነገገ። ዛሬ በሥዕሎቹ በጣም የታወቀው ቅጂ የዓረብኛው ነው፤ በ714 ዓመተ ሂጅራ የተጻፈ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1314 ወይም 1315። የነጃሺም ሥዕል የዚያው ቅጂ ናት። እኛ ዘንድ አጼ ዓምደ ጽዮን የነገሡበት ዘመን መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ገጹ ጠጋ እንበል። ጥንታዊ መጽሐፍ ሲባል እኛ ትዝ የሚለን ብራና ነው። ይህ ግን ወረቀት ነው፤ ቁመቱ ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ትልቅ ወረቀት። ጽሑፉ ጠበብ ጠበብ ብሎ ተደርድሯል። ሥዕሉ ለብቻው ገጽ አልተሰጠውም። ከላይ ጽሑፍ፣ ከታች ጽሑፍ፣ መሐል ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ እንደ መቀነት የተዘረጋ ሥዕል።

ቀለሙ ስስ ነው። ሠዓሊው መጀመሪያ በጥቁር ቀለም ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ከዚያ ቀይና ሰማያዊ በስሱ ያለብሰዋል። መስመሩ ከቻይና የተወረሰ ነው፤ ዛፎቹንና ተራሮቹን ያየ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ፊት ላይና ልብስ ላይ ብር የተቀባበትም ቦታ አለ። አዲስ እያለ ምን ያህል ያበራ እንደነበር ማሰብ ነው። ብሩ በዘመን ብዛት ጠቁሯል፤ ዛሬ ሥዕሎቹን ስናይ እዚህም እዚያም ጥላሸት የነካቸው የሚመስሉት ለዚህ ነው።

ሠዓሊዎቹ ከቻይና ብቻ አይደለም የወሰዱት። በዚያው ቅጂ የነቢዩ ሙሐመድን ልደት የሚያሳይ ገጽ አለ። አቀማመጡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የልደትን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው አዲስ አይሆንበትም። እናት መሐል ላይ ጋደም ብላለች። ዮሴፍ በሚቀመጥበት ጥግ የነቢዩ አያት አብዱል ሙጠሊብ ተቀምጠዋል። በሦስቱ ሰብአ ሰገል ቦታ ሦስት ሴቶች ተሰልፈዋል። ታብሪዝ የንግድ ከተማ ነበረች፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከየአገሩ ይመጣባታል። እኔን ከመጽሐፉ ሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ነው፦ ሰብሳቢ የሆነው በጽሑፉ ብቻ ሳይሆን በሥዕሉም ነው።

እንግዲህ የነጃሺን ሥዕል የሣለው ሰው በእነዚህ ልማዶች የሠለጠነ ሰው ነው። ታሪኩ የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነው። ከስደተኞቹ አንዱ የሆነው ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርኣን ክፍል ለንጉሡ አነበበ። ትውፊቱ እንደሚለው ንጉሡ አለቀሱ፤ መልእክተኞቹ ይዘውት የመጡትን የቆዳ ስጦታም መለሱላቸው። ሥዕሉ የተሣለው ከዚያ ወደ 700 ዓመት ቆይቶ ነው። ስለዚህ የአክሱምን ቤተ መንግሥት ወይም የንጉሡን መልክ ከሱ አንጠብቅ። ሌላ ትልቅ ነገር ግን ይነግረናል። የዓለምን ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ለመሰብሰብ የተነሡት የታብሪዝ ሰዎች ይህን የሐበሻ ንጉሥ ፍርድ ሥዕል ይገባዋል ብለው መርጠውታል።

ረሺድ አድ-ዲን መጨረሻው አላማረም። ኦልጀይቱን መርዘሃል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1318 ተገደለ፤ ያሠራው ሰፈርም ተዘረፈ። ከዓረብኛው ቅጂ ሁለት ክፍሎች ተርፈዋል። 151 ቅጠል ያለው በኤድንብራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። 59 ቅጠል ያለው እ.ኤ.አ. በ1980 ለንደን ውስጥ በጨረታ ተሸጦ፣ ዛሬ ኸሊሊ በሚባለው ስብስብ ውስጥ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ የነጃሺን ሥዕል ስታገኟት ዳር ዳሯን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ከላይና ከታች ያለው ጽሑፍ ተቆርጦ፣ ያቺ መሐል ያለችው መቀነት ብቻ ናት የምትቀርበው። ሙሉውን ገጽ ፈልጋችሁ ብታዩ ንጉሡን በዓረብኛ መስመሮች መሐል ታገኟቸዋላችሁ።