ትዌጂክግም ምንድን ነው?

ደቡብ ኮሪያ ሄዶ እንግሊዝኛ የሚያስተምር የውጭ ዜጋ አንድ የኮሪያ ቃል ብቻ ይያዝ ከተባለ፣ ይሄኛውን ይያዝ ባይ ነኝ። ትዌጂክግም የስንብት ክፍያ ነው።

ሕጉ አጭር ነው። አንድ ሠራተኛ በሳምንት በአማካይ 15 ሰዓትና ከዚያ በላይ እየሠራ ዓመት ከሞላው፣ ሲወጣ ቢያንስ የ30 ቀን አማካይ ደመወዝ ይከፈለዋል። ሁለት ዓመት ከሠራ የ60 ቀን። ተባሮ ይውጣ፣ በገዛ ፈቃዱ ይልቀቅ፣ ኮንትራቱ ይለቅ፣ ለውጥ የለውም። ዜግነትም አይጠየቅም። የማስተማሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ደስ ሲለው የሚሰጠው ጉርሻ አይደለም ማለት ነው።

ስሌቱን እንየው። አንዲት አስተማሪ በወር 2.4 ሚሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ) ታገኛለች እንበል። ማርች 1 ጀምራ ፌብሩዋሪ 28 ጨረሰች። የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደመወዝ 7.2 ሚሊዮን ነው፤ ቀናቱ ደግሞ 90። ሲካፈል በቀን 80,000 ዎን ይደርሳታል። በ30 ሲባዛ መልሶ 2.4 ሚሊዮን፣ ድፍን የአንድ ወር ደመወዝ። ሥራ ባቆመች በ14 ቀን ውስጥ እጇ መግባት አለበት።

ጣጣው ያለው «ዓመት» የምትለዋ ቃል ላይ ነው። 364 ቀን ዓመት አይደለም። ሃግዎን የሚባሉት የግል ማስጠኛ ቤቶች ውስጥ አስተማሪ አስራ አንደኛው ወር ላይ ሲባረር የቆየ ወሬ ነው። አስር ወር ሙሉ ያልተሰማ የወላጆች ቅሬታ ድንገት ብቅ ይላል። ኢ-2 የሚባለው የአስተማሪዎች ቪዛ ደግሞ ከቀጣሪው ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ሥራው ሲሄድ ቪዛውም ይንገዳገዳል። ለመከራከር ልብ የሚኖረው ጥቂት ሰው ነው። ከአምስት ሠራተኛ በታች ያለው ሃግዎን ከሆነማ፣ ያለ በቂ ምክንያት ከመባረር የሚከላከለው ሕግም አይደርስለትም። ትዌጂክግሙ ግን ለእንዲህ ያሉ ትንንሽ ቤቶችም ይሠራል፤ ይህን የማያውቅ ብዙ ነው።

ለእኔ ከዚህ የባሰው 3.3 ነው። በኮሪያ ፍሪላንሰር ሲከፈለው 3.3 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል። አንዳንድ ሃግዎን አስተማሪውን በዚህ ስም ይመዘግበዋል። በዚህም ከጡረታ መዋጮው፣ ከጤና መድኑ፣ ከስንብት ክፍያውም ያመልጣል። አስተማሪው መጀመሪያ ላይ ደስ ይለዋል፤ የሚቆረጥበት ትንሽ ነዋ! የደመወዝ ወረቀቱን አይቶ የጡረታ መስመር ከሌለና 3.3 ብቻ ከተጻፈ፣ ነቄ ማለት ያለበት ያኔ ነው። ደግነቱ ሕጉ የሚያየው ወረቀቱን ሳይሆን ሥራውን ነው። የመግቢያ ሰዓቱን ማን ወሰነ? መጽሐፉን ማን መረጠ? ክፍሉን ማን መደበ? መልሱ ሁሉ «ዳይሬክተሩ» ከሆነ፣ ኮንትራቱ ላይ ፍሪላንሰር ተብሎ መጻፉ ብቻውን ቀጣሪውን አያድነውም።

«የስንብት ክፍያው በየወሩ ደመወዙ ውስጥ ተካቷል» የሚል ኮንትራትም አለ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲህ ያለው ስምምነት ዋጋ የለውም ብሏል።

ካልተከፈለስ? አቤቱታው የሚቀርበው ለሥራና ሠራተኛ ሚኒስቴር የአካባቢ ቢሮ ነው፤ በነጻ። የሥራ ተቆጣጣሪው ሁለቱንም ወገን ጠርቶ ይጠይቃል። ስልክ 1350 ላይ ቀድሞ መጠየቅም ይቻላል። ከ14ቱ ቀን በኋላ በዓመት 20 በመቶ የመዘግየት ወለድ ስለሚቆጠር፣ ቀጣሪውም ማጓተቱ ብዙ አያዋጣውም። የመጠየቂያው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። አገር ጥሎ የሄደም ሰው ቢሆን ኖሙሳ የሚባለውን የሥራ ሕግ ባለሙያ ወክሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይዞ መውጣት ያለበት ኮንትራቱን፣ የባንክ መግለጫውንና ዳይሬክተሩ ካካኦቶክ በሚባለው የመልእክት መላላኪያ «ነገ አንድ ሰዓት ቀደም ብለህ ግባ» እያለ የላካቸውን መልእክቶች ነው።