ስፒከር ጀርባ ላይ ያለው «8 ኦም»

ፒያሳ ስፒከር ሲገዙ «ከአምፑ ጋር ኦሙ እኩል ይሁን» የሚል ምክር አይጠፋም። አምፕ ድምፅ ማጉያው ነው፤ ኦም ደግሞ ስፒከሩ ለከረንት (ለኤሌክትሪክ ፍሰት) ያለው መቋቋም የሚለካበት ነው። ግዴታ ግን አይደለም። አምፑ ላይ የተጻፈው ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ ከ4 ኦም ጀምሮ የሚችል አምፕ 8 ኦም ቢሰካበት ኃይሉ ይቀንስ እንደሆን እንጂ አይጎዳም። ጣጣው በተቃራኒው ነው። ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች በአንድ ቻናል (በአንድ የድምፅ መውጫ) ላይ ፓራለል፣ ማለትም ጎን ለጎን፣ ሲቀጠሉ 4 ኦም ይሆናሉ። ከረንቱ እጥፍ ይሆናል፤ ለ8 ብቻ የተሠራ አምፕ ድምፁ ከፍ ሲል ይግላል፣ ይዘጋል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

በአምፑ መግቢያ በኩል ደግሞ ዋናው ነገር ቮልቴጁ ነው። ሲዲ ማጫወቻ እስከ 2 ቮልት ይሰጣል፤ የተለመደው የሸክላ መርፌ ግን 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ። የአባባ ሸክላ ማጫወቻ አውክስ (ተራው የአምፕ መግቢያ) ላይ ሲሰካ ሹክሹክታ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ይህን ደካማ ቮልቴጅ አስቀድሞ የሚያሳድግ ፎኖ ፕሪአምፕ ይፈልጋል። ቮልዩሙን መክፈት እዝዝታውን ነው የሚያጎላው።